ለድሮ ቮልስ እድሳት ዘመኑን የጠበቀ ብሎን ማግኘት፦ ስለ ልባጥ፣ ስለ ራስና ስለ ጥርስ

የድሮ መኪና እድሳት ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በቀለሙና በወንበሩ ነው። ይሁን እንጂ የሞተሩ ክዳን ሲከፈት ወይም ጎማ ወልቆ የፓራፋንጎው ውስጥ ሲታይ፣ ሥራው ምን ያህል በጥንቃቄ እንደ ተሠራ አስቀድሞ የሚናገረው ብሎኑ ነው። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ የሚያብለጨልጭ ነጭ፣ ሌላው የዛገ ሆኖ ጎን ለጎን የታሰሩ ብሎኖች ያሉበት መኪና ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ተጠገነ ይባል ይሆናል እንጂ ታደሰ ለማለት ያስቸግራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ዓይነት፣ ልባጡም (ከዝገት የሚጠብቀው ስስ የላይ ሽፋኑ) ሆነ ራሱ ዘመኑን የጠበቀ ብሎን፣ ብሎኑ የሚታሰርበት ዳዶና ከሥሩ የሚገባው ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ እንዴት እንደሚለይና ከየት እንደሚገኝ ነው።

ምሳሌ የማደርገው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም የሚታየውን፣ ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዘውን ቮልስዋገን ቢትል፣ በተለምዶ ቮልስ የምንለውን መኪና ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ፣ በመጨረሻ በሜክሲኮ ፑዌብላ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ቅርጹ ብዙም ሳይለወጥ ይህን ያህል ዘመን በመቆየቱ የ1950ዎቹ ብሎን በ1970ዎቹ መኪና ላይ፣ የ1970ዎቹም በ1950ዎቹ ላይ ያለ ችግር ይገባል። የአሳሳቹ ነገር ምንጭም ይኸው ነው፤ ብሎኑ መግባቱ ብቻውን የዚያ መኪና ብሎን ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው የመኪናውን ዓመት በማረጋገጥ ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ዓመት አንዳንድ ጊዜ መኪናው የተመረተበት ሳይሆን የተመዘገበበት ሊሆን ስለሚችል፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከራሱ ከመኪናው ያንብቡ። ቁጥሩ የኋላው መቀመጫ ሲነሣ ወለሉን መሃል ለመሃል በሚያቋርጠው ቱቦ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ባሉት መኪኖች ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ በ117 የሚጀምር ቁጥር የ1967 ሞዴል ማለት ነው። የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚገባው በኦገስት ወር ነበርና፣ ይህ መኪና ከኦገስት 1966 እስከ ጁላይ 1967 ባለው ጊዜ ተመርቷል ማለት ነው። ይህ ካልታወቀ ቀጥሎ የሚመጣው ፍለጋ ሁሉ ግምት ሆኖ ይቀራል።

ሲፈታ ማንበብ

ከየትኛውም ገበያ በፊት የመጀመሪያው የብሎን ምንጭ ራሱ መኪናው ነው። በብዙ ጋራዦች የተፈታ ብሎን ሁሉ አንድ ጣሳ ውስጥ ይገባና ናፍጣ ይፈስበታል፤ በዚያች ቅጽበት ግማሹ መረጃ ጠፋ ማለት ነው። እያንዳንዱን ክፍል ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፤ የፓራፋንጎውን፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የማርሚታውን፣ የካርቡራቶሩን ብሎኖች በየራሳቸው ከረጢት ይክተቱ፤ በከረጢቱም ላይ ከየት እንደ ወጣ፣ በየትኛው በኩል እንደ ነበርና ከሥሩ ስንት ሮንዴላ እንደ ነበረው ይጻፉ።

የልባጡ እውነተኛ መልክ የሚገኘው በተሸሸገ ቦታ ነው። የኋላውን ፓራፋንጎ ከአካሉ ጋር ከሚይዙት ብሎኖች አንዱን ይውሰዱ። ራሱ በጭቃ፣ በቅባትና ምናልባትም በሁለት ሦስት ዙር ቀለም ተሸፍኗል፤ ከዚህ የሚነበብ ነገር የለም። ሮንዴላውን ሲያላቅቁት ግን ከራሱ በታች፣ ብረት ከብረት ተጣብቆ በኖረበት ሥፍራ፣ ውኃም አየርም ያልደረሰበት ጠባብ ቀለበት ይታያል። የብረት ብሩሽ ሳያስነኩ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉትና ወደ ፀሐይ አዘንብለው ይመልከቱት። ደብዛዛ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ግራጫ ከሆነና ዘይት የጠጣ መልክ ካለው ፎስፌት የተባለው የኬሚካል ሽፋን ነው። ሰማያዊ ቃና ያለው ነጭ ብርማ ከሆነ ነጩ የዚንክ ልባጥ ነው። ወርቃማ ሆኖ ሲያዘነብሉት ወደ አረንጓዴና ወደ ሐምራዊ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ዚንኩ በቢጫ ክሮሜት፣ ማለትም በክሮሚየም ውሑድ፣ የታጠበ ነው። በአካሉ ውስጥ በተበየደው ዳዶ ተውጦ የኖረው የብሎኑ ጫፍም ተመሳሳይ ምስክርነት ይሰጣል፤ ሁለቱ ሥፍራዎች ከተስማሙ መልሱ ተገኘ።

ከሞተሩና ከማርሚታው አካባቢ የወጣ ብሎንን ግን በመልኩ አይፍረዱበት። ቢጫው የክሮሜት ሽፋን ሙቀት አይወድም፤ ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ደጋግሞ ሲሞቅ ይሰነጣጠቅና ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለሆነም ከሞተር አጠገብ ግራጫ ሆኖ የተገኘ ብሎን ሲሠራ ቢጫ የነበረ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ከዚያው ዘመን የሆነ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ያለ ብሎን ማየት ነው። እንዲሁም አንዳንድ ብሎን ጨርሶ የሚታይ ልባጥ እንዳልነበረው፣ ከታሰረ በኋላ ከአካሉ ጋር አብሮ ቀለም እንደ ተቀባ ልብ ይበሉ፤ እንዲህ ያለውን ወርቃማ አድርጎ መመለስ፣ ዛሬ በየዕድሳቱ የሚታየው ከመጠን ያለፈ ማሳመር ነው።

በጥቅሉ ሲታይ ጥቁርና ግራጫ ፎስፌት በቀደሙት ዓመታት፣ ቢጫው ዚንክ ደግሞ በ1970ዎቹ የጀርመን መኪኖች ላይ በብዛት ይገኛል። ይህ ግን አቅጣጫ ማሳያ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ፋብሪካው ብሎን የሚገዛው ከብዙ አቅራቢዎች ስለ ነበር በአንድ መኪና ላይ ሁለት ዓይነት ልባጥ መገኘቱ አያስደንቅም። መጽሐፍ አንድ ነገር ቢልና የእርስዎ ያልተነካ ብሎን ሌላ ቢያሳይ፣ እኔ የማምነው ብሎኑን ነው።

ራሱ ላይ የተጻፈው

ከልባጡ ቀጥሎ የሚነበበው ራሱ ነው። የጀርመን ብሎን ራስ ላይ ሁለት ነገር ይገኛል፦ የአምራቹ ምልክትና የጥንካሬው ደረጃ። ካማክስ፣ ቨርቡስና ሪቤ የሚሉት ስሞች በዚያ ዘመን የጀርመን መኪኖች ላይ ከሚገኙት ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለ ስም የያዘ ብሎን፣ ጥርሱ እስካልተበላና አንገቱ እስካልቀጠነ ድረስ፣ ቢዝግም አይጣልም፤ ልባጥ እንደገና ይገኛል፣ ያ ስም ግን አይገኝም።

የጥንካሬው ቁጥር ዛሬም የምንጠቀምበት ነው። 8.8 የሚለው የመጀመሪያው ቁጥር በ100 ሲባዛ ብሎኑ የሚበጠስበትን 800 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ተባዝተው ውጤቱ በ10 ሲባዛ ደግሞ ብሎኑ ተለጥጦ የማይመለስበትን 640 ያሳያል። በአሮጌ ብሎኖች ላይ በዚህ ፈንታ 8ጂ፣ 10ኬ ወይም 12ኬ የሚል የቀድሞው የጀርመን አሰያየም ይገኛል፤ እነዚህም በቅደም ተከተል ከዛሬዎቹ 8.8፣ 10.9 እና 12.9 ጋር ይዛመዳሉ። 6.9 የሚል ቢያገኙ ደረጃው ከጥቅም ውጭ የሆነ ስለሆነ፣ ምትክ ሲያስፈልግ ወደ 8.8 ከፍ ይበሉ እንጂ ወደ ታች አይውረዱ።

የራሱ ስፋትም ዘመን ይናገራል። በቀደሙት ቮልሶች ላይ የኤም 8 ብሎን፣ ማለትም ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በ14 ቁልፍ ይፈታ ነበር፤ በኋለኞቹ ላይ በ13 ሆነ። የ1955 ቮልስ ፓራፋንጎ በ13 ቁልፍ የሚፈታ ከሆነ አንድ ሰው ከእርስዎ በፊት ለውጦታል ማለት ነው። ኤም 6 በ10፣ ኤም 10 በ17 ይፈታል። ዛሬ በዓለም አቀፉ ደረጃ የሚሠራ ኤም 10 ግን ራሱ 16 ነው፤ ኤም 12 ደግሞ በ19 ፈንታ 18 ሆኗል። ስለዚህ አዲስ ብሎን ሲያዝዙ ዲን 931 ወይም ዲን 933 ብለው ይጠይቁ፤ በእነዚህ የቀድሞ የጀርመን ደረጃዎች የሚሠራው ብሎን የድሮውን ራስ ይዞ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 931 ከአንገቱ በታች ጥርስ የሌለው ለስላሳ ክፍል ያለው ሲሆን፣ 933 ግን እስከ ራሱ ድረስ ጥርስ ያለው መሆኑ ነው። ለስላሳ አንገት የነበረውን ቦታ ሙሉ ጥርስ ባለው ብሎን መተካት ቀዳዳውን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ፍለጋው

የጎደለውን ለማግኘት ሁለተኛው ምንጭ የሞተ መኪና ነው። ከአንድ ያረጀ ቮልስ በር፣ ኮፈንና ፓራፋንጎ የሚወጣው የብሎን ብዛት ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። በሶማሌ ተራ ካሉት የመለዋወጫ ነጋዴዎችም ሆነ በምናለሽ ተራ የብረታ ብረት ክምር ውስጥ የሚገኝ አሮጌ ብሎን በጥሬው ሲታይ ምንም አይመስልም፤ ነገር ግን ራሱን በአውራ ጣትዎ ጠርገው የካማክስን ስም ካዩ፣ ከጎኑ በላስቲክ ታስሮ ከሚሸጠው አዲስ ብሎን ይልቅ እሱ ይሻልዎታል። ሲሄዱ የጥርስ መለኪያ፣ ካሊፐርና ንጹሕ ዳዶዎችን በየመጠኑ ይያዙ። ዳዶው በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው መዞር አለበት፤ መሃል ላይ የሚጠብቅና እንደገና የሚላላ ከሆነ ብሎኑ ከመጠን በላይ ተጠብቆ ተለጥጧልና ይተዉት።

እዚህ ላይ በአገራችን ልዩ ትኩረት የሚያሻው ወጥመድ አለ። ገበያው የቶዮታና የሌሎች ጃፓን መኪኖች ብሎን የሞላበት ነው፤ የሚገኘውም በቀላሉና በርካሽ ነው። የጃፓኑ ኤም 8 የጥርሱ ርቀት፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ፣ 1.25 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ቮልስ ላይ በደንብ ይገባል፤ ራሱ ግን በ12 ቁልፍ የሚፈታ ስለሆነ ዓይን ያለው ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ኤም 10 ላይ ግን ነገሩ ከመልክ ያልፋል። የጃፓኑ ኤም 10 በአብዛኛው 1.25 ርቀት ያለው ቀጭን ጥርስ ሲሆን የቮልሱ 1.5 ነው። ሁለት ዙር ያህል እሺ ይልና ይጠብቃል፤ በቁልፍ ከተገደደ የቀዳዳውን ጥርስ ይዞ ይወጣል። የቮልስ የሞተር ቤት ከማግኒዥየም ቅልቅል የተሠራ ለስላሳ ብረት በመሆኑ በዚያ ላይ የሚደርስ እንዲህ ያለ ጉዳት የሚታረመው በቶርኖ ቤት ነው፤ የብሎኑ ርካሽነትም እዚያ ላይ ያበቃል።

ሌላው ልማድ አይዝጌ ብረት የሆነ ብሎን ማሰር ነው። ማብለጭለጩ ያታልላል እንጂ መልኩ ከየትኛውም የዘመኑ ልባጥ ጋር አይመሳሰልም። ኤ2-70 ተብሎ የሚሸጠው የተለመደው ዓይነት የሚለጠጥበት መጠን 450 ሲሆን የ8.8 ብሎን 640 እንደሆነ ከላይ አይተናል፤ ስለዚህ ክብደት በሚሸከም ቦታ ላይ ምትክ ሊሆን አይችልም። በዚያ ላይ ከማግኒዥየም ጋር ሲገናኝና እርጥበት ሲያገኘው ማግኒዥየሙን ያስበላዋል።

ሦስተኛው ምንጭ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ነው። ሲሄድ በርበሬና ሽሮ የጫነ ሻንጣ ሲመለስ ሁለት ኪሎ ብሎን ቢይዝ ቅር የሚለው ሰው አይኖርም ብዬ አስባለሁ፤ ቅር የሚያሰኘው ያልተሟላ ትእዛዝ ነው። «የቮልስ ብሎን ላክልኝ» ማለት ለሁለቱም ወገን ድካም ነው። የትእዛዝዎ ዓረፍተ ነገር የውፍረቱን፣ የጥርሱን ርቀት፣ የርዝመቱን፣ የደረጃውን፣ የጥንካሬውንና የልባጡን ነገር ይያዝ፤ ለምሳሌ «ኤም 8፣ ጥርሱ 1.25፣ ርዝመቱ 16፣ ዲን 933፣ ራሱ 13፣ ጥንካሬው 8.8፣ ነጭ ዚንክ፣ ብዛቱ 40» ተብሎ ይጻፍ። ርዝመቱ የሚለካው ከራሱ በታች ጀምሮ እስከ ጫፉ ነው፤ ራሱ ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ቪቴ ግን ራሱን ጨምሮ ይለካል። ጀርመን ያለ ሰው በማንሃይም በመጸው ወራት በሚደረገው የቬተራማ የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ ላይ ያልተነካ የድሮ ክምችት ሊያገኝ ይችላል። አሜሪካ ያለው ደግሞ በኢንች ከሚለካው ይጠንቀቅ፤ የ5/16 ኢንች ብሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በእጅ ሲያዝ ከኤም 8 አይለይም፣ ጥርሱ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው።

አዲስ ቢጫ ብሎን ሲገዛ ቢጫነቱ ከድሮው የተለየ መስሎ ቢታይ ምክንያት አለው። የድሮው ወርቃማ መልክ የሚገኘው መርዛማ ከሆነው ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት በአዲስ መኪኖች የዝገት መከላከያ ልባጥ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2007 ጀምሮ ከለከለው። በምትኩ የመጣው ትራይቫለንት ክሮሚየም በተፈጥሮው ነጭ ሰማያዊ በመሆኑ ቢጫ እንዲሆን ማቅለሚያ ይጨመርበታል፤ ስለዚህም አንድ ወጥ፣ የሎሚ ዓይነት ቢጫ ሆኖ ይታያል። የነጩ ዚንክ ነገር በአንጻሩ ቀላል ነው፤ የዛሬው ከድሮው ብዙ አይለይም።

እንደገና ማስለበጥ

የራስዎን ብሎኖች እንደገና ለማስለበጥ ሲወስኑ አስቀድመው የልባጡን ዓይነት በግልጽ ይናገሩ። ለቆርቆሮና ለቧንቧ የሚደረገው፣ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የመንከር ሥራ ለዚህ አይሆንም፤ ሽፋኑ ከመወፈሩ የተነሣ ጥርሱን ይሞላዋል። የሚፈለገው በኤሌክትሪክ የሚደረግ ቀጭን ልባጥ ነው። ምን ያህል ቀጭን ቢሉ፣ የጥርሱ ጎኖች ሰያፍ ስለሆኑ የልባጡ ውፍረት በጥርሱ ልኬት ላይ አራት እጥፍ ሆኖ ይጨመራል። የተለመደው የኤም 6 ብሎን ከዳዶው ጋር የተተወለት ክፍተት 26 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ነው፤ ይህ ለአራት ሲካፈል 6.5 ይሆናል። ስለሆነም ለኤም 6 አምስት ማይክሮን ያህል ይበቃል። ለኤም 8 ክፍተቱ 28፣ ለኤም 10 ደግሞ 32 በመሆኑ ሰባትና ስምንት ማይክሮን ድረስ ይፈቀዳል። «ወፈር አድርገህ ልበጥልኝ» ማለት ብሎኑ ዳዶ እንዳይቀበል ማድረግ ነው።

ልባጥ የሥሩን መልክ ይገልጣል እንጂ አይሸፍንም። በዝገት የተቦረቦረ ራስ ከተለበጠ በኋላም የተቦረቦረ ነው፤ ቁልፍ ያጠጋጋው ማዕዘንም እንደ ተጠጋጋ ይወጣል። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ይምረጡ፣ ቅባቱን አጥበው ያስወግዱ፣ ዝገቱን በቀላል አሸዋ ርጭት ወይም በኮምጣጤ ዘፍዝፈው ያውጡ፤ የፋብሪካው ብሎን ያልተወለወለ ስለ ነበር ግን እንደ መስታወት አያንጹት። ዕቃዎቹን ቆጥረውና ፎቶ አንሥተው ይስጡ፤ ትንንሽ ሮንዴላዎች በልባጥ ገንዳ ውስጥ ይጠፋሉ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ፤ ሁለቱም ከመልክ ይበልጣሉ። የመጀመሪያው በአሲድ ማጠብና በኤሌክትሪክ መለበጥ ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ውስጥ ማስገባታቸው ነው። 10.9 እና ከዚያ በላይ የሆነ ጠንካራ ብረት ሃይድሮጅን ሲገባበት ተሰባሪ ይሆናል፤ ሲታሰር ምንም ሳይል ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ራሱ ተበጥሶ ይወድቃል። መፍትሔው ከልባጡ በኋላ በአራት ሰዓት ውስጥ ከ190 እስከ 220 ዲግሪ ባለው ምድጃ ለበርካታ ሰዓታት ማቆየት ነው፤ ይህም ክሮሜቱ ከመደረጉ በፊት ይፈጸማል። ለባጩ ይህን እንደሚያደርግ በእርግጠኝነት ካልነገረዎት የመሪ፣ የፍሬንና የኮኔክቲንግ ሮድ ብሎኖችን፣ እንዲሁም ስፕሪንግ የሆኑ ሮንዴላዎችን አይላኩ፤ ለእነዚህ አዲስ ይግዙ። ሁለተኛው ካድሚየም ነው። በድሮ መኪኖች ላይ በካድሚየም የተለበጠ ብሎን ሊኖር ይችላል፤ ከነጭ ዚንክ በዓይን ለመለየትም አስቸጋሪ ነው። ካድሚየም ሲሞቅ የሚያወጣው ጢስ ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ አልፈታ ያለን አሮጌ ብሎን በእሳት ከማሞቅ፣ ከመበየድ ወይም ሞላ በሚባለው መፋቂያ ድንጋይ ከመፋቅ በፊት ይህን ያስቡ፤ ዘልቆ የሚገባ ዘይትና ትዕግሥት ይበልጣሉ።

በመጨረሻ ሲገጠም

አዲስ የተለበጠ ብሎን ከተበየደ አሮጌ ዳዶ ጋር ከመገናኘቱ በፊት የዳዶው ጥርስ ከቀለምና ከዝገት መጽዳት አለበት፤ አለበለዚያ ልባጡ በመጀመሪያው ዙር ይላጣል። ራሱን ከጭረት ለመጠበቅ ስድስት ማዕዘን ያለው፣ ልክ የሆነ ቡሽ ቁልፍ ይጠቀሙ፤ ውስጡንም በቀጭን ቴፕ ይሸፍኑ። በዘይት የራሰ ጥርስ ከደረቅ ጥርስ በቀላሉ ስለሚዞር፣ ለደረቅ ብሎን በተሰጠ የማጥበቂያ ኃይል ዘይት የተቀባውን ካጠበቁ ከመጠን ያልፋሉ። የዘይት ማጥሊያውን ክዳን ለሚይዙት ስድስት የኤም 6 ዳዶዎች የሚበቃው 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ በእጅ ግምት የታሰሩት ብዙውን ጊዜ ከዚህ እጥፍ በላይ ሆነው ይገኛሉ፣ ዘይት የሚያንጠባጥቡትም ስለዚሁ ነው። ከሥራቸው የሚገቡትን የመዳብ ሮንዴላዎች በየጊዜው አዲስ ያድርጉ።

መኪናው ለኤግዚቢሽን ብቻ የሚቆም ካልሆነና በክረምት ጭቃ ውስጥ የሚነዳ ከሆነ፣ አምስት ማይክሮን ዚንክ በፓራፋንጎ ሥር ብዙ እንደማይቆይ ይወቁ። ከታሰረ በኋላ በራሱና በሮንዴላው ላይ መልኩን የማይለውጥ ቀጭን ሰም ይቀቡ፤ በየዓመቱም ሰኔ ከመግባቱ በፊት ጎማዎቹን አውልቀው ሥፍራውን አጥበው፣ አድርቀው ይድገሙት።